ቀንበር ሳይፈታ ድንጋይ ወደ ጣሪያ ያወጣው አንጥረኛ

ሰሞኑን በሰፈሬ በሚሠራ ፎቅ አጠገብ ሳልፍ፣ ሁለት ሴቶች አሸዋ የሞላ ባሬላ ተሸክመው በባሕር ዛፍ መወጣጫ ሲወጡ ቆሜ አየሁ። መደገፊያ የሚባል ነገር የለም። ባሬላ የጣሊያን ቃል ነውና ሐሳቤም ወደዚያው አገር፣ ወደ ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ሄደ።

ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1377 በፍሎረንስ ተወለደ። አባቱ ውል አዋዋይ ነበሩ፤ እሱ ግን ሕጉን ትቶ አንጥረኛ ሆነ። በ1401 የጥምቀት ቤቱን የነሐስ በር ለመሥራት ተወዳድሮ ሥራው ለሎሬንዞ ጊበርቲ ተሰጠ። በ1420 የካቴድራሉ ጉልላት ሲጀመር ደግሞ ያው ጊበርቲ አብሮት ተሾመ። እንዲህ ያለውን ነገር መቼም ሆድ ይፍጀው ነው።

ጉልላቱ የሚጀምረው ከመሬት 50 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። እዚያ ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር ጡብና ብዙ ኩንታል የሚመዝን ድንጋይ መውጣት አለበት። እስከዚያ የተለመደው ሰው እየረገጠ የሚያዞረው መንኮራኩር ነበር። ብሩኔሌስኪ በሬ ጠመደ። በሬ ወደ ኋላ እንደማይሄድ ለእኛ አገር ሰው አይነገርም፤ ዕቃውን ለማውረድ ግን ገመዱ በተቃራኒው መዞር አለበት። ስለዚህ በሬዎቹ በሚያዞሩት ቋሚ ግንድ ላይ ሁለት ጥርሳም መንኮራኩሮች፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ገጠመ። ግንዱ በጠመዝማዛ ብሎን ከፍ ወይም ዝቅ ሲል አንደኛው ይነክሳል፣ ሌላው ይለቃል። ቀንበር ሳይፈታ ሸክሙ ይወጣል፣ ይወርዳል። ገመዱ የሚጠመጠምበትም ግንድ ውፍረቱ የተለያየ ነው፤ ለቀላሉ ወፍራሙ ይፈጥናል፣ ለከባዱ ቀጭኑ ይዘገያል።

ለሠራተኞቹም አሰበ። ቁልቁል አይተው እንዳይደነግጡ በመወጣጫው ጠርዝ ላይ ከለላ አቆመ፤ ምግባቸው እዚያው ላይ ይቀርብ ነበር፤ ወይናቸውም በውኃ ይቀጠን ነበር። ቅዱስ ግን አላደርገውም። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት እንደሚሉት፣ ግንበኞቹ ሥራ ባቆሙ ጊዜ አባሮ ሌሎች ቀጠረ፤ ሲመለሱም ደመወዛቸውን ቀንሶ ተቀበላቸው።

እኔን እንደ ሕግ ተማሪነቴ የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ1421 ፍሎረንስ ለጭነት ጀልባው የሦስት ዓመት ብቸኛ መብት ሰጠችው፤ ያለፈቃዱ ተመሳሳይ ጀልባ የሠራ ጀልባው ይቃጠልበታል። በዓለም ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ የፈጠራ መብቶች አንዱ ይህ ነው። ጀልባይቱ ግን ዕብነ በረድ እንደጫነች ሰጠመች፤ ኪሣራውም የራሱ ሆነ። በ1434 ደግሞ የሙያ ማኅበሩን መዋጮ አልከፈልክም ተብሎ ታሰረ። ያን ጊዜ ጉልላቱ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር!

በ1441 ከኢየሩሳሌም የተነሡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎረንስ ሲገቡ፣ ጉልላቱ ተጠናቆ የላይኛው ፋኖሱ ገና አልተተከለም ነበር። ብሩኔሌስኪ በሚያዝያ 1446 ሞተ፤ ፋኖሱም በ1461 ተጠናቀቀ። የማንሻ መሣሪያዎቹን ወጣቱ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ኋላ በማስታወሻው ሥሏቸዋል። መቃብሩ የተገኘው በ1972 ነው፤ እዚያው ካቴድራል ወለል ሥር።