ሙሴ ቤስ፣ የኤደኑ ነጋዴ

አባቶቻችን ሙሴ ቤስ የሚሏቸው አንቶኒን ቤስ በ1877 በደቡብ ፈረንሳይ ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1899 የየመኗን ወደብ ኤደንን ሲረግጡ ጌታ አልነበሩም። ባርዴ ለተባለው የፈረንሳይ ንግድ ቤት በውል የተቀጠሩ ወጣት ነበሩ፤ ቀደም ሲል ባለቅኔውን ራምቦን ወደ ሐረር የላከው ይኸው ቤት ነው። ውላቸውን ጨርሰው የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ። ቡና፣ ቆዳና ሌጦ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሌና ከየመን እየሰበሰቡ ወደ ውጭ ላኩ፤ ቆይተውም የሼል ነዳጅ ወኪልና የመርከብ ባለቤት ሆኑ።

የሌጦ ንግድ የመተማመን ሥራ ነው። ከሐረርጌ ገጠር የወጣ የፍየል ሌጦ ወደብ እስኪደርስ በስንት እጅ ያልፋል! በየእጁም ቋንቋ አለ፣ ብድር አለ፣ ዝምድና አለ። ኤደን ቢሮው የተቀመጠ አንድ ፈረንሳዊ ይህን ብቻውን ከየት ያውቀዋል? በሙሴ ቤስ ቤት አውሮፓውያን፣ ሕንዶች፣ ዓረቦች፣ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን አብረው ይሠሩ ነበር። ቅርንጫፉ እስከ ጅቡቲና አዲስ አበባ የዘለቀው በነዚህ ሰዎች ዕውቀት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ሁሉም እኩል ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ኤደን በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ በዚያ ዘመን የሰው ትውልድ ደረጃውንም ደመወዙንም ይወስን ነበር። ጌታውም አስቸጋሪ ሰው ነበሩ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1930 የንግሥ በዓል በኋላ በኤደን ያለፈው እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ፣ ስማቸውን ለውጦ፣ እንግዳንና ሠራተኛን ገደል የሚያስወጡ ሰው አድርጎ ጽፎባቸዋል።

ዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልደረሱት ሙሴ ቤስ በ1948 ለኦክስፎርድ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰጡ። በዚሁ ገንዘብ ከየአገሩ ተማሪ የሚቀበለው የቅዱስ አንቶኒ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ አንዱ ሕንፃው በባለቤታቸው በሂልዳ ስም ይጠራል። እሳቸው በ1951 አረፉ።

በ1950ዎቹ በኤደኑ ቤት ከሚሠሩት መካከል ዲሩባይ አምባኒ የሚባል የጉጃራት መምህር ልጅ ነበር። ንግድን እዚያው ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰና ሪላያንስ የተባለውን ግዙፍ ኩባንያ መሠረተ። ለእንዲህ ያለው ወጣት እስከ ላይ የሚያወጣ መሰላል ቢዘረጋለት ኖሮ ኤደን ይቀር ነበር ይሆን? የኤደኑ ቤት በ1969 በደቡብ የመን መንግሥት ተወረሰ።