ቀድሞ መዝጋት፥ ኋላ መቍረጥ
የዶክቶር ሁመር ሁልትል አጭር የሕይወት ታሪክ

በጽሕፈት ቤት ወረቀት የሚያያዝበትን ስቴፕለር የማያውቅ ተማሪ የለም። ይኸው ዘዴ የሰውን ጨጓራ ለመስፋት ያገለግላል ቢባል ግን ብዙዎቻችን እንገረማለን። በዚህ ሥራ ፋና ወጊ የሆኑት የሀንጋሪው ሐኪም ዶክቶር ሁመር ሁልትል ናቸው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ዶክቶር ሁልትል በ1868 ዓ.ም. ተወልደው በቡዳፔስት ከተማ በቀዶ ጥገና ሐኪምነት ስመ ጥር ሆኑ። በዚያ ዘመን ጨጓራው ለታመመ ሰው ከመቍረጡ ይልቅ መስፋቱ ያሠጋ ነበር። ስፌቱ ጥቂት ከላላ በጨጓራ ውስጥ ያለው ቈሻሻ ወደ ሆድ ዕቃው ይፈሳል፤ ሆድ ዕቃውም መርቅዞ ሕመምተኛው ይሞታል። በእጅ መስፋትም ረጅም ጊዜ ይፈጅ ነበር።

ስለዚህ ዶክቶር ሁልትል አስቀድሞ መዝጋት፥ ከዚያም በኋላ መቍረጥ የሚቻልበትን መንገድ አሰቡ። መሣሪያውንም ከብልኁ የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ከቪክቶር ፊሸር ጋር ሆነው በ1908 ዓ.ም. ለሥራ አበቁት። መሣሪያው ጨጓራውን በሁለት መንጋጋዎቹ ይጨብጥና ቀጫጭን የብረት ሽቦዎችን በአራት ረድፍ ይተክላል። የሽቦዎቹም ጫፍ ታጥፎ ቢ የተባለውን የላቲን ፊደል ይመስላል። ከዚህ በኋላ ሐኪሙ በመካከለኞቹ ሁለት ረድፎች መካከል ይቈርጣል። ግራና ቀኙ ቀድሞ ስለ ተዘጋ አንዳች አይፈስም።

ነገር ግን መሣሪያው 3.6 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ ለመገጣጠምም ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። ስለዚህ በብዛት አልተሠራጨም። ሌላው የሀንጋሪ ሐኪም ዶክቶር አላዳር ፔትዝ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቀለል ያለውን ሠርተው ጕድለቱን አቃለሉ። ዶክቶር ሁልትል በ1940 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያም የሶቪየት ሊቃውንት ዘዴውን አስፋፉት፤ አሜሪካዊው ዶክቶር ማርክ ራቪች በ1958 ዓ.ም. እዚያ ሄደው ካዩ በኋላ ወደ አገራቸው ወሰዱት። ዛሬ መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ቀላል ነገር ሆኗል፤ ሽቦው ግን አሁንም በዚያው ቅርጽ ይታጠፋል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ የመጀመሪያው ሥራችን ከባድና ጕድለት ያለው ቢሆን አንፈር። አሳቡ መልካም ከሆነ የሚያቀለው ሰው ከኋላ ይመጣል።