ጋጋሪን የወደቀበት ጫካ

ከሞስኮ በስተምሥራቅ፣ ኪርዣች ከተማ አጠገብ ኖቮስዮሎቮ የምትባል መንደር አለች። በአቅራቢያዋ ባለው ጫካ ውስጥ አንድ ረጅም ሐውልት ቆሟል። በየዓመቱ ማርች 27 ሰዎች አበባ ይዘው ወደዚያ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው የጠፈር ተጓዥ ዩሪ ጋጋሪን የሞተው እዚያ ነው። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው ወደ ላይ የወጣበትን ቀን ብቻ ነው።

ጋጋሪን እ.ኤ.አ. በ1934 ክሉሺኖ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ አናጺ ነበር። የጀርመን ጦር መንደሯን ሲይዝ ቤተሰቡ ከቤቱ ተባሮ መሬት ቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ ኖሯል። ልጁ አድጎ የብረት ማቅለጥ ሙያ ተማረ፤ ሳራቶቭ ቴክኒክ ትምህርት ቤት እያለ ደሞ የበረራ ክበብ ገባ። በ1957 የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሆነ።

ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. አፕሪል 12 ቀን 1961) በ27 ዓመቱ በቮስቶክ 1 ምድርን አንድ ጊዜ ዞረ። ጉዞው 108 ደቂቃ ፈጀ። ሲመለስ ከመንኮራኩሩ ተወርውሮ ወጥቶ በራሱ ፓራሹት ነበር ያረፈው። በጊዜው የነበረው የሪከርድ ደንብ ግን አብራሪው ከነመንኮራኩሩ እንዲያርፍ ይጠይቅ ስለነበር መንግሥት ይህን ለዓመታት ደበቀ። መደበቁ እንግዲህ ከዚያ ጀመረ ማለት ነው።

በ1967 ጓደኛው ቭላዲሚር ኮማሮቭ በሶዩዝ 1 ሞተ። የዚያ በረራ ተጠባባቂ ጋጋሪን ነበር። ከዚያ በኋላ ጀግናችንን እንዳናጣ ተብሎ ወደ ጠፈር እንዳይመለስ ተከለከለ። እሱ ግን መብረር ስለፈለገ ቢያንስ ወደ ጄት ለመመለስ ልምምድ ጀመረ።

ማርች 27 ቀን 1968 ከአሠልጣኙ ቭላዲሚር ሰርዮጊን ጋር ባለ ሁለት መቀመጫ ሚግ-15 ይዞ ተነሣ። ደመና ነበር። ከደቂቃዎች በኋላ ልምምዱን ጨርሶ እየተመለሰ መሆኑን በሬዲዮ አሳወቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። ሁለቱም ሞቱ። ጋጋሪን 34 ዓመቱ ነበር፤ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት።

ምርመራ ተካሄደ፣ ውጤቱ ግን ተቆለፈበት። ባዶውን ቦታ ወሬ ሞላው፦ ጠጥቶ ነበር፣ አስገድለውት ነው፣ እንዲያውም አልሞተም። በ2011 ይፋ የሆነ ሰነድ ምክንያቱ ምናልባት የአየር ሁኔታ መመርመሪያ ፊኛ ለመሸሽ የተደረገ ድንገተኛ መጠምዘዝ ሳይሆን አይቀርም ይላል። ይህን ለማለት 43 ዓመት ፈጀ!

እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። እኛ ጋ ሲስተም ሲወድቅ ምን እንደተፈጠረ ይጻፋል፤ ነገ እንዳይደገም እንጂ ሰው ለመወንጀል አይደለም። እኛ አበሾች ግን በዚህ እንደክማለን። በስደት ሰው ሲሞትብን መርዶውን ተጠንቅቀን እንነግራለን፣ እናለቅሳለን፣ ገንዘብ አዋጥተን አስከሬን ወደ አገር እንልካለን። እንዴት እንደሞተ ግን ብዙ ጊዜ «ለክብሩ» ሲባል ይሸፈናል። እናት ቀሪ ዕድሜዋን ከሐሜት ውስጥ እውነት ስትለቅም ትኖራለች።

እንደኔ እንደኔ፣ ሟችን የሚያዋርደው እውነቱ ሳይሆን በእውነቱ ቦታ የሚገባው ወሬ ነው። ጋጋሪን ሐውልቱን ያገኘው በ1975 ነው። መልሱ የመጣው ግን ከሐውልቱ 36 ዓመት ዘግይቶ ነው፤ እሱም «ምናልባት» የሚል ነው።