አበበ ቢቂላ፦ የአማተር ሯጭነት ደንብና የወታደር ሹመት ሽልማት

ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ሲካሄድ፣ በዘመኑ እጅግ የታወቀው ፊንላንዳዊ ሯጭ ፓቮ ኑርሚ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አልነበረም። ዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያዎች የተቀዳጀው ይህ ሰው የታገደው ለውድድር ጉዞ ከሚፈቀደው በላይ ገንዘብ ተቀብሏል፣ ስለዚህም አማተር ሊባል አይችልም ተብሎ ነው። የልደቱ ቀን ተብሎ በተመዘገበው መሠረት አበበ ቢቂላ የተወለደውም በዚያው ዕለት ነበር፤ ቦታው በሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በመንዲዳ አቅራቢያ፣ ጃቶ የተባለች መንደር ናት። የሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን መዋል አጋጣሚ ብቻ ነው። ሆኖም ኑርሚን ከጎዳናው ያራቀው ደንብ ከ28 ዓመታት በኋላ አበበ ሮም ላይ ሲሮጥም አልተሻረም ነበር። ይህ አጭር ጽሑፍ የአበበን ሕይወት ከዚህ ደንብ አንጻር ይመለከታል። ስለ ባዶ እግሩ ብዙ ተብሏል፤ በምን ይተዳደር እንደ ነበርና ድሉ ምን እንዳስገኘለት መመርመር ግን የሰውየውን ታሪክ ይበልጥ ያስረዳል።

አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። የልጅነት ዘመኑ በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ የተናወጠ ነበር፤ ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ወደ ጎሮ ከሸሸ በኋላ ተመልሶ በእርሻ ሥራ ተሰማራ። አበበም እንደ አካባቢው ልጆች ሁሉ ከብት ጠበቀ፣ ገና ተጫወተ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። ሯጭ ለመሆን ሳይሆን እንጀራ ለማግኘት ነበር የመጣው።

በዚያ ዘመን አማተር ማለት በስፖርቱ ገንዘብ የማያገኝ፣ ኑሮውን በሌላ ሥራ የሚመራ ተወዳዳሪ ማለት ነበር። ደንቡ የተቀረጸው የሚተዳደሩበት ሀብትና ትርፍ ጊዜ ባላቸው የአውሮፓ ሰዎች ነው። የገበሬ ልጅ ግን ለልምምድ የሚሆን ጊዜ ከየት ያመጣል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው የጦር ሰፈር ነበር። ወታደር በመሆኑ ደመወዙ፣ ቀለቡና መኝታው ከሠራዊቱ ስለሚገኝ ሩጫው ከወታደራዊ ሥልጠናው ጋር ሊጣመር ቻለ፤ የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክም የጦር መኮንን እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። አበበ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ ነበር። በጦር ኃይሎች ውድድር ዋሚ ቢራቱን ተከትሎ ሁለተኛ ሲወጣ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አስተዋሉት።

እዚህ ላይ ብስክሌተኞቹን መጥቀስ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው 12 ተወዳዳሪዎች አራቱ የጎዳና ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ገረመው ደንቦባ ሮም ላይም ከአበበ ጋር የአንድ ልዑክ አባል ነበር። ብስክሌተኛውም ማራቶን ሯጩም በተመሳሳይ የአማተር ደንብ ሥር በአደባባይ ጎዳና ይወዳደሩ ነበር። ይሁን እንጂ በአውሮፓ የብስክሌት አሽከርካሪ ከአማተርነት ወደ ባለሙያነት የሚሸጋገርበት በር ቱር ደ ፍራንስ ከተጀመረበት ከ1895 ዓ.ም. በፊት ጀምሮ ክፍት ነበር። ለማራቶን ሯጭ እንዲህ ያለ በር አልነበረውም። አበበ የቱንም ያህል ቢያሸንፍ ከሩጫው በኋላ የሚመለሰው ወደ ሰፈሩ ነበር።

የሮሙ ድል ብዙዎች እንደሚተርኩት ድንገተኛ አልነበረም። ከጨዋታው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አበበ አዲስ አበባ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨርሶ ነበር፤ ይህም ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ፣ ያውም በከፍታ ቦታ የተገኘ ሰዓት ነው። ኒስካነን የያዙትን ያውቁ ነበር፤ የቀረው ዓለም ነው ያላወቀው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ውድድሩ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ በምሽት መዳረሻ ተጀመረ። የቀረቡለት ጫማዎች እግሩን ስላልተስማሙት ቀድሞም በተለማመደው በባዶ እግር ሮጠ። ሲመሽ ችቦ የያዙ የኢጣሊያ ወታደሮች መንገዱን አበሩ። አበበ ሞሮካዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ የሄደው ፋሽስቶች ከአክሱም ነቅለው ከወሰዱት ሐውልት ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ ከቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ማንም በዚህ ፍጥነት ማራቶንን አልጨረሰም። የቡድን ጓደኛው አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ።

ሽልማቱ ማዕረግና ኒሻን ሆነ። በአማተር ደንብ ዘንድ ይህ ክፍያ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ልማድ ግን ሹመት ሽልማት የነገሥታት የቆየ የውለታ መክፈያ መንገድ ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች በአበበ ሕይወት ውስጥ ያለ ግጭት ጎን ለጎን ኖሩ። ሆኖም በንጉሥ ችሮታ የሚገኝ ኑሮ በፖለቲካ ማዕበል ይናወጣል። ከድሉ በኋላ ሦስት ወር ከጥቂት ቀናት እንዳለፈ፣ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። በሴራው እጁ ያልነበረበት አበበም ለአጭር ጊዜ ተይዞ ከተጠየቀ በኋላ ተለቀቀ። ሙከራው ከከሸፈ በኋላ አዛዡ በስቅላት ሲቀጡ፣ ሯጩ ወደ ልምምዱ ተመለሰ።

በቀጣዮቹ ወራት አቴና፣ ኦሳካና ኮሺሴ ላይ አሸነፈ። ኦሳካ ላይ ጃፓናዊው ጫማ ሠሪ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ጫማውን እንዲያጠልቅ አግባባው። ዛሬ አንድ ሻምፒዮን የኩባንያ ጫማ ሲያጠልቅ ስንት እንደሚከፈለው እናውቃለን፤ ያን ጊዜ ደንቡ ለእንዲህ ያለው ክፍያ ቦታ አልነበረውም። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ ከማሞ ወልዴ ጋር ለረጅም ርቀት ሲመራ ቆይቶ አምስተኛ ወጣ። ጨርሶ ያላሸነፈው ዓለም አቀፍ ማራቶን ይህ ብቻ ነው።

መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከ35 ቀናት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ፤ ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞት ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ የመቶ አለቅነት ማዕረግ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ መኖሪያ ቤትና ቮልስዋገን መኪና ሸለሙት። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የመዳከም ነው፤ ጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ታሞ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ቮልስዋገኑን ሲነዳ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ፣ ሸኖ አቅራቢያ፣ መኪናዋ ተገለበጠች። እስኪነጋ ውስጧ ተይዞ ቆየ። ወደ ትውልድ ቀዬው የሚወስደው ይህ ጎዳና እግሮቹን ወሰደበት። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለስምንት ወራት ቢታከምም ዳግመኛ መራመድ አልቻለም።

መወዳደሩን ግን አልተወም፤ ይህ የሕይወቱ ክፍል ከሚገባው በላይ በአጭሩ ሲታለፍ ይታያል። በ1962 ዓ.ም. እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ተቀምጦ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። ለዚህኛው ድል ማንም መኪና አልሸለመውም።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ በተከሰተ የደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። በማዕረጉ ሻምበል ደርሶ ነበር። ፓቮ ኑርሚ ከ23 ቀናት በፊት ሄልሲንኪ ላይ ሞቶ ነበር። የአበበ ሥርዓተ ቀብር ንጉሠ ነገሥቱና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። ሸላሚው ንጉሥ በቀጣዩ ዓመት መስከረም ወር ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም በዚያው መጸው የአማተርነትን ደንብ ማላላት ጀመረ።