የቃናው ሊቅ ቻው ዩዌን ሬን

በአማርኛችን ቃና የሚባለው ቃል ብዙ ሥራ አለበት። ጠላም ቃና አለው፤ ዘፈንም ቃና አለው፤ የሰው አነጋገርም ቃና አለው። የሙዚቃ ቃናና የቋንቋ ቃና በምን ይለያሉ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ሁለቱንም ጠንቅቆ ያወቀ የአንድ ቻይናዊ ሊቅ ታሪክ መልስ ይሰጣል ብዬ ስላመንሁ፣ ባጭሩ ልጽፈው ወደድሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቻው ዩዌን ሬን በ1892 ዓ.ም. ቲየንጂን በተባለችው የቻይና ከተማ ተወለደ። በ1910 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተላከ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምሮ በ1914 ተመረቀ፤ በሃርቫርድም በ1918 በፍልስፍና የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። ከዚህም ጋራ ዜማ ይደርስ ነበር። በ1920 ወደ ሀገሩ ተመልሶ ለእንግሊዛዊው ፈላስፋ ለበርትራንድ ራስል አስተርጓሚ ሆነ። ጆሮው እጅግ የሠላ ስለ ነበረ፣ የየአውራጃውን አነጋገር ፈጥኖ ይይዝ ነበር።

በአማርኛ ገና የሚለው ቃል ሲላላና ሲጠብቅ ትርጓሜው ይለያያል፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። በቻይንኛ ግን ቃልን ከቃል የሚለየው የድምፅ መውጣትና መውረድ ነው። በቤይጂንግ አነጋገር ማ የሚለው ድምፅ ከፍ ብሎ ሲጸና እናት ነው፤ ከመካከል ወደ ላይ ሲወጣ ለገመድ የሚሆን ተክል፣ ዝቅ ብሎ ሲነሣ ፈረስ፣ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ተሳደበ ማለት ነው።

ቻው ይህን በጽሑፍ ለማመልከት በ1930 አምስት ደረጃ ያለው ምልክት አወጣ፤ 1 ዝቅተኛው፣ 5 ከፍተኛው ነው። በዚህ መሠረት እናት 55፣ ተክሉ 35፣ ፈረስ 214፣ ተሳደበ 51 ይሆናል። የመጀመሪያው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በሙዚቃ መሣሪያ መቃኛ የሚሆነው ላ የተባለው ድምፅ በሴኮንድ 440 ጊዜ እንዲርገበገብ በዓለም ላይ ተወስኗል። በቋንቋ ግን 5 ማለት የተናጋሪው የራሱ ድምፅ ከፍታ ብቻ ነው። የሕፃኑና የሽማግሌው 5 እኩል አይደለም፤ ሆኖም ሁለቱም እናት ቢሉ ሰሚው እናት ብሎ ይረዳዋል።

ሁለተኛውን ልዩነት ቻው በራሱ ሕይወት አየው። በ1913 ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ ሊቃውንት በቤይጂንግ ተሰብስበው ለሀገሪቱ አንድ የንባብ ድምፅ በድምፅ ብልጫ ወሰኑ። አምስት ቃናዎች ነበሩት፤ አምስተኛው ግን በቤይጂንግ ሰው አፍ የሌለ ነበረ። ቻው በ1921 በኒው ዮርክ ይህን አነጋገር በሸክላ ቀረጸው። ነገር ግን በዚህ አነጋገር ልጇን ያሳደገች እናት አልነበረችም። ለብዙ ዓመታት አጥርቶ የሚናገረው እርሱ ብቻ እንደ ነበረ፣ በኋላ ዘመን እየቀለደ ይናገር ነበር። በመጨረሻም ውሳኔው ተለውጦ፣ በ1932 የቤይጂንግ ሰዎች አነጋገር መሠረት እንዲሆን በይፋ ጸደቀ።

በ1926 ግን ይኸው ሰው ለባለቅኔው ለሊዩ ባንኖንግ የፍቅር ግጥም ዜማ ደረሰለት፤ ቻይናውያን እስከ ዛሬ ይዘፍኑታል። እንግዲህ ዜማን አንድ ሰው ደርሶ ለሕዝብ ሊሰጥ ይችላል፤ የቋንቋን ቃና ግን ልጅ ከእናቱ ይቀበለዋል እንጂ በጉባኤ አይደረስም።

ቻው ከ1938 ጀምሮ በአሜሪካ ኖረ። ከ1947 ጀምሮ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1982 በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

በሀገራችንም በደቡብ ምዕራብ የሚነገረው የቤንች ቋንቋ ቃልን በቃና ይለያል። እኛ ተማሪዎች ከልዩ ልዩ አገር መጥተን ባንድ ክፍል እንቀመጣለን፤ አንዱ ሲያነብ በአነጋገሩ የሚሥቅበት አይጠፋም። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ያ ቃና ከእናቱ የተቀበለው ነውና ከመሣቃችን በፊት እንደ ቻው ጆሯችንን ሰጥተን እናዳምጠው።