ሲስሊ ሳንደርስ እና የሥቃይ መዝገብ

የዘመናዊው የማስታገሻ ሕክምና መሥራች የሚባሉት ሲስሊ ሳንደርስ የተወለዱት በ1918 ዓመት በለንደን አቅራቢያ በባርኔት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩትን ትምህርት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ አቋርጠው፣ በ1940 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ፍሎረንስ ናይቲንጌል ባቋቋሙት የነርሶች ትምህርት ቤት ገቡ። ነርስ ሆነው ቢመረቁም የጀርባ ሕመም ስለ ጸናባቸው በሙያው ሊቆዩ አልቻሉም። በሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ከዋርሶ የተሰደደ ዳዊት ታስማ የሚባል በካንሰር የታመመ ሰው አገኙ። ታስማ በባዕድ አገር ዘመድ አልነበረውም። ሲስሊ እየተመላለሱ ሲጠይቁት፣ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው የሥቃዩ መቀነስና የሚያዳምጠው ሰው ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ተገነዘቡ። በ1948 ሲሞት፣ ሊያቋቁሙት ላሰቡት ቤት መነሻ እንዲሆን 500 ፓውንድ ተናዘዘላቸው።

ከዚያም በበጎ ፈቃድ ያገለግሉበት በነበረው በቅዱስ ሉቃስ የሕሙማን ቤት፣ ሞርፊን ሥቃዩ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በየተወሰነው ሰዓት ሲሰጥ አዩ። በሌሎች ሆስፒታሎች ግን ሕመምተኛው እስኪጮኽ ድረስ መድኃኒቱ ይዘገይበት ነበር፤ ምክንያቱም ሱስ ይሆንበታል የሚለው ፍርሃት ነው። ይህን ልማድ ለመለወጥ የሐኪም ሥልጣን እንደሚያስፈልግ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስለ መከሯቸው፣ በ1951 የሕክምና ትምህርት ጀምረው በ1957 በ38 ዓመታቸው ሐኪም ሆኑ።

በ1958 በምሥራቅ ለንደን በቅዱስ ዮሴፍ ሆስፒስ የጀመሩት ምርምር የሥራቸው ሁሉ መሠረት ሆነ። በዚያ ባሳለፉት ዘመን ከ1,000 በላይ የሆኑ ሕሙማንን ሁኔታ አንድ በአንድ መዘገቡ። ይህ መዝገብ ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛው፣ ሞርፊን በአፍ በሰዓቱ ሲሰጥ ሥቃዩን እንደሚገታና የተፈራው ሱስ እንደማይከተል ነው። ሁለተኛው፣ ሥቃይ የሥጋ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የሐሳብ፣ የቤተሰብ፣ የኑሮና የመንፈስ ጭንቀት በአንድነት የሚሸምኑት መሆኑን ተረድተው ይህንኑ ሁለንተናዊ ሥቃይ ብለው ሰየሙት።

በ1967 በደቡብ ለንደን በሲደንሃም የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ ተከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላም ሠራተኞቹ ከግቢው ወጥተው ሕሙማንን በየቤታቸው መርዳት ጀመሩ። ሲስሊ ሥራቸው በበጎነቱ ብቻ እንዲመሰገን አልፈለጉም፤ እንዲመረመርም ፈቀዱ። ኮሊን መሪ ፓርክስ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም የሟቾቹን የትዳር ጓደኞች እየጠየቁ፣ በሆስፒሱ የሞቱትንና በሌላ ስፍራ የሞቱትን የሥቃይ መጠን አነጻጸሩ። የአገልግሎት ጥራት በአልጋ ቍጥር ወይም በጉብኝት ብዛት ሳይሆን በሕመምተኛው በራሱና በቤተሰቡ ላይ በታየው ለውጥ ይመዘን የሚለው ሐሳብ ሥር የሰደደው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። ሲስሊ ሳንደርስ በ2005 ራሳቸው በጡት ካንሰር ታመው፣ ባቋቋሙት ሆስፒስ ውስጥ በ87 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሐሳባቸው ወደ አፍሪካ ሲሻገር መመዘኛውም አብሮ ተሻገረ። በ1993 አን ሜሪማን በካምፓላ የመሠረቱት ሆስፒስ ፈሳሽ ሞርፊንን እስከ ሕመምተኛው ቤት አደረሰ። በኋላም ለአፍሪካ የተዘጋጀው መመዘኛ በዐሥር ጥያቄዎች ተወሰነ፤ ሰባቱ ለሕመምተኛው፣ ሦስቱ ለአስታማሚው ሲሆኑ፣ መልሱ ከ0 እስከ 5 ይሰጣል። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 ሥራ ሲጀምር፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አወጣ።

መመዘኛውን በላፍቶ ለመጠቀም የሚሻ ባለሙያ ግን የራሳችንን ወግ ማወቅ አለበት። እንዴት አደሩ ተብሎ የተጠየቀ ሕመምተኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ቢያድርም ፈጣሪውን ያመሰግናል እንጂ ሥቃዩን አይናገርም። ብዙ ጊዜም የበሽታውን ስም ቤተሰቡ ከሕመምተኛው ደብቆ ይይዝና በእርሱ ፈንታ ይመልሳል። ስለዚህ ነርሷ አጠቃላይ ጥያቄ ትታ፣ ባለፉት ሦስት ቀናት የነበረውን ሥቃይ በጣት እንዲያሳይ ሕመምተኛውን ራሱን ትጠይቃለች፤ የተጨበጠ እጅ ሥቃይ የለም፣ የተዘረጉ አምስት ጣቶች ከዚህ የከፋ የለም ማለት ነው። አስታማሚዋንም ለብቻዋ ትጠይቃለች። ሰኞ አምስት ጣት የተመዘገበለት ሰው ሐሙስም አምስቱን ጣቶች ከዘረጋ፣ በመካከሉ የተደረገው ጉብኝት ስንትም ቢሆን አገልግሎቱ ገና አልደረሰውም፤ መድኃኒቱም ሆነ ምክሩ በዚያው ዕለት እንደ ገና መታየት አለበት።