የፍራንክሊን ምድጃና የጭሱ መንገድ

የቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም በመሐንዲሶች ዘንድ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው የመብረቅ መከላከያው ዘንግ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሰው መብረቅን መመርመር ከመጀመሩ በፊት የያዘውና እስከ እርጅናው ዘመን ያልተወው ሌላ ሥራ ነበረው፤ ይኸውም የቤት ማሞቂያ ምድጃን ማሻሻል ነው። በግንብ ምድጃው ውስጥ የሚገባ የብረት ምድጃ ለመምረጥ የሚያስብ ሰው ዛሬም የሚገጥሙትን ጥያቄዎች ፍራንክሊን አስቀድሞ ጠይቋቸዋል። ከፊሎቹን በትክክል መልሷል፤ ከፊሎቹን ደግሞ ስቷል። ከስሕተቱ የሚገኘው ትምህርት ከትክክሉ ከሚገኘው አያንስም።

ፍራንክሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጃንዋሪ 17 ቀን 1706 በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና እየሠራ ብዙ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ስለ ነበረ ልጁን ከሁለት ዓመት በላይ በትምህርት ቤት ሊያቆየው አልቻለም። በ12 ዓመቱ በታላቅ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ሙያ ለመማር ገባ፤ በ17 ዓመቱም ከወንድሙ ጋር ባለመስማማት ኮብልሎ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። በዚያም የራሱን ማተሚያ ቤት አቋቋመ። በ1731 አባላት በሚያዋጡት ገንዘብ የሚተዳደር ቤተ መጻሕፍት፣ በ1736 ደግሞ የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ማኅበር እንዲመሠረት አደረገ። ማኅበሩ ከመመሥረቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም ፍም በክፍት መጫሪያ ከክፍል ወደ ክፍል መውሰድ የሚያስከትለውን አደጋ በጋዜጣው ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር።

በዚያ አገር የብርዱ ወራት ረጅምና ጽኑ ነው። ሰፊው የግንብ ምድጃ እንጨቱን በብዛት ይበላል፤ ከሚሰጠው ሙቀት ግን አብዛኛው በጭስ ማውጫው ሽቅብ ያመልጣል። በወጣው አየር ምትክም ቀዝቃዛ አየር በበርና በመስኮት ስንጥቅ እየተሳበ ይገባል። ከእሳቱ ፊት የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲለበለብ ጀርባው ይበርደዋል። ቀድሞ ከየሰው ደጃፍ ይገኝ የነበረው ማገዶም ለአንዳንድ ከተሞች 100 ማይል ያህል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከሚርቅ ቦታ መምጣት ጀምሮ ነበር።

ፍራንክሊን አዲሱን ምድጃ ያስተዋወቀበትና በ1744 ያሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ የሚጀምረው በምርጫ ነው። በዘመኑ የታወቁትን ስድስት የማሞቂያ ዓይነቶች እየዘረዘረ ጥቅማቸውንና ጉዳታቸውን ይመዝናል። ሰፊው የጥንት ምድጃ ማገዶ ያባክናል፤ ጠባቡ አዲስ ምድጃ ጭሱን ቢቀንስም ብርዱን አያስቀርም፤ የተዘጉት የሆላንድና የጀርመን የብረት ምድጃዎች በደንብ ያሞቃሉ፤ ነገር ግን እሳቱ አይታይም፤ የክፍሉም አየር በበቂ አይታደስም። ፈረንሳዊው ኒኮላ ጎዤ በ1713 ያሳተመውን፣ አየር በምድጃው ጀርባ እየሞቀ ወደ ክፍሉ የሚገባበትን ዘዴ ግን ያደንቃል። በክፍሉ መካከል የሚቀመጠውን የከሰል ማንደጃ በተመለከተም በተዘጋ ቤት ውስጥ ሕይወት እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ያስጠነቅቃል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ በከሰል ጭስ ሰው መሞቱን ሰምቶ ለሚያውቅ ለአገራችን አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም።

የራሱ ምድጃ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት ተሠርቶ በነባሩ የግንብ ምድጃ ውስጥ የሚገጠም ሳጥን ነበር። ፊቱ ክፍት ስለ ሆነ እሳቱ ይታያል። ከእሳቱ ጀርባ በውስጡ መከፋፈያዎች ያሉት የአየር ሳጥን አለ፤ ንጹሕ አየር ከወለሉ በታች ባለ ቦይ ወደዚህ ሳጥን ይገባና እየተጠማዘዘ ሲሞቅ ቆይቶ በጎንና በጎን ባሉት ቀዳዳዎች ወደ ክፍሉ ይወጣል። ጭሱ በበኩሉ በሳጥኑ አናት ላይ አልፎ ከጀርባው ቁልቁል ይወርድና በታች በኩል ዞሮ ወደ ግንቡ ጭስ ማውጫ ይገባል። ፍራንክሊን በቀድሞው ማገዶ ሩብ ብቻ ክፍሉ በእጥፍ እንደ ሞቀለት መስክሯል።

ብረቱን ያቀልጥ የነበረው ወዳጁ ሮበርት ግሬስ ነበር። የፔንሲልቫኒያው አገረ ገዥ ጆርጅ ቶማስ በሥራው ተደስቶ ምድጃውን ለተወሰኑ ዓመታት ብቻውን የመሸጥ መብት ሊሰጠው ቢያስብም ፍራንክሊን አልተቀበለም። ሰው ከሌሎች ፈጠራ እንደሚጠቀም ሁሉ የራሱንም በነጻ ማካፈል ይገባዋል የሚል እምነት ነበረው። አንድ የለንደን የብረት ነጋዴ ግን ሥራውን ይበልጥ የሚጎዱ ጥቃቅን ለውጦች አድርጎ በስሙ መብት አወጣበት፤ ጥቂት ሀብትም እንዳፈራበት ፍራንክሊን ሰምቷል።

ይሁን እንጂ ምድጃው በታሰበው መልክ አልዘለቀም። ጭስን ወደ ላይ የሚያነሣው ሙቀቱ ነው፤ ትኩስ ጭስ በዙሪያው ካለው አየር ስለሚቀል ይወጣል። ይህን ጭስ በግድ ቁልቁል ለማውረድ ጭስ ማውጫው አስቀድሞ መሞቅ አለበት። እሳቱ ገና ሲለኮስ ወይም ሲደክም ግን ጭስ ማውጫው ቀዝቃዛ በመሆኑ ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ብረቱ ከጭሱ ብዙ ሙቀት በወሰደ ቁጥር የመሳቡን ኃይል ያዳክማል፤ ስለዚህ ምድጃው ዋና ሥራውን በሚገባ በፈጸመ መጠን የጭሱን መንገድ ያስቸግራል። ከወለል በታች ቦይ መሥራትም ለብዙ ባለቤቶች ከባድ ነበር። በመሆኑም ኋላ የመጡት ሠሪዎች የአየር ሳጥኑንና የቁልቁለቱን መንገድ አስቀርተው ስሙን ብቻ አቆዩለት።

ፍራንክሊን በዚህ መካከል የ1776ቱን የነጻነት መግለጫና የ1783ቱን የፓሪስ ውል ከፈረሙት አንዱ ሆነ። ጉዳዩን ግን አልረሳውም። በ1785፣ በ79 ዓመቱ፣ ከፈረንሳይ ወደ አገሩ ሲመለስ በመርከብ ላይ ሳለ ለሐኪሙ ለያን ኢንገንሁስ ስለሚያጨሱ ምድጃዎች ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። በዚህ ጽሑፍ ትኩረቱ ከብረቱ ሳጥን ወደ ጭስ ማውጫውና ወደ ክፍሉ ተዛውሯል። ለማጨሱ ዘጠኝ ምክንያቶችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም ውስጥ የአየር እጥረት፣ የምድጃው አፍ ከመጠን በላይ መስፋት፣ የጭስ ማውጫው ማጠር፣ በአንድ ቤት ያሉ ሁለት ምድጃዎች አየር መሻማትና በአቅራቢያ ያለ ከፍ ያለ ሕንፃ ወይም ኮረብታ ይገኛሉ።

ለአየር እጥረት ያቀረበው መለኪያ ዛሬም ያለ መሣሪያ ሊሞከር ይችላል። እሳቱ እየነደደ በሩ ተዘግቶ ጭስ ወደ ክፍሉ ከመጣ፣ ጭሱ እስኪቆም ድረስ በሩን በጥቂቱ መክፈትና ስንጥቁን መለካት ነው። በሩ 8 ጫማ ቁመት፣ ስንጥቁም ግማሽ ኢንች ስፋት ቢኖረው ክፍሉ የ48 ካሬ ኢንች፣ ማለትም የ310 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል የአየር መግቢያ ይፈልጋል።

ዛሬ የሚሸጡት በግንብ ውስጥ የሚገቡ ምድጃዎች የመስተዋት በርና የአየር መቆጣጠሪያ ያላቸው በመሆናቸው ከፍራንክሊን ሳጥን እጅግ የተሻሉ ናቸው። የሚገዙበት ፈተና ግን አልተለወጠም። ትንሹ ምድጃ ከአሮጌና ሰፊ ጭስ ማውጫ ጋር እንዲሁ ቢገናኝ ጭሱ ይዘገያል፤ ይቀዘቅዛል፤ በግንቡም ላይ ተቀጣጣይ ቅጥራን ያስቀምጣል። ከምድጃው መውጫ ጋር የሚመጣጠን ቱቦ እስከ ጭስ ማውጫው አናት የሚዘረጋው ስለዚህ ነው። መስኮቱና በሩ በጥብቅ ለተዘጋ ዘመናዊ ቤትም ለእሳቱ የሚሆን አየር ከውጭ መግባት አለበት፤ ማገዶውም እርጥበቱ ከመቶ 20 በታች እስኪሆን መድረቅ ይገባዋል። ጭስ ማውጫውንና ክፍሉን ሳይመረምር ሳጥኑን የሚመርጥ ሰው የ1744ቱን ስሕተት ይደግማል።

ፍራንክሊን ኤፕሪል 17 ቀን 1790 በፊላደልፊያ በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ከመጀመሪያው መጽሐፉ እስከ መርከቡ ደብዳቤ ድረስ 41 ዓመታት አልፈዋል። በወጣትነቱ ያሞገሰውን ጉዳይ ክብርና ዝና ካገኘ በኋላም እንደ ገና መመርመሩ፣ ምድጃውን ያለ ክፍያ ከማበርከቱ እኩል ለሙያ ባልደረቦቹ የተወው ስጦታ ነው።